ስኳር ዕጢን እንዴት ያሳየናል?

ባሕር ዳር ያደገ ሰው የደንገል ታንኳን ያውቃል። ከዘጌ እንጨት ጭኖ ይመጣል፣ ዳር ላይ ያራግፋል፣ ሊጭን ይመለሳል። አንድ ጉዞ ብቻ ብታዩ የሚያመጣው ጥቂት ነው። ደጋግሞ ሲመላለስ ግን ዳርቻው ላይ ክምር ይሆናል። ይህን ምልልስ ያዙልኝ፣ በኋላ እንፈልገዋለን።

የኤምአርአይ ማሽን ምስል የሚሠራው በዋናነት በሰውነታችን ውሃ ውስጥ ካለው ሃይድሮጅን በሚያገኘው ምልክት ነው። ዕጢና ጤናማ ሥጋ ምስሉ ላይ ሲመሳሰሉ፣ ልዩነቱን የሚያጎላ ኮንትራስት የሚባል ፈሳሽ በደም ሥር ይሰጣል። የተለመደው ጋዶሊኒየም የተባለ ብረት አለው። ብዙ ሰው ያለ ችግር ይወስደዋል። ነገር ግን አንዳንድ ዓይነቶቹ፣ ኩላሊታቸው ክፉኛ በተዳከመ ሰዎች ላይ ቆዳን የሚያደነድን ከባድ በሽታ እንደሚያስከትሉ ከእ.ኤ.አ. 2006 ጀምሮ ታውቋል።

ታዲያ ሰውነታችን የለመደውን ግሉኮስ ብንጠቀምስ? እንጀራው ሲፈጭ የሚወጣው እሱ ነው፤ የደንገሉ ሴሉሎስም የግሉኮስ ሰንሰለት ነው።

አንድ ግሉኮስ ከኦክስጅን ጋር የተያያዙ አምስት ሃይድሮጅኖች አሉት። እነዚህ በዙሪያቸው ካለው ውሃ ሃይድሮጅን ጋር ቦታ ይለዋወጣሉ። ማሽኑ የስኳሩን ሃይድሮጅኖች ለይቶ የሚነካ የሬዲዮ ሞገድ ይልክና ምልክታቸውን ያጠፋዋል። ዝም ያሉት ወደ ውሃው ይሻገራሉ፣ በቦታቸው አዲሶች ይገባሉ፣ እነሱም ዝም ይላሉ። እንግዲህ ታንኳችን ይሄ ነው! ትንሽ ስኳር በሰከንዶች ውስጥ ብዙ ጊዜ ተመላልሶ የብዙ ውሃን ምልክት ይቀንሳል። ብዙ ዕጢዎች ደግሞ ግሉኮስ በብዛት ስለሚስቡ ተለይተው ይታያሉ።

የጆንስ ሆፕኪንስ ተመራማሪዎች በ2012፣ የለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተመራማሪዎች ደግሞ በ2013 ይህን በአይጦች ላይ አሳይተዋል። ከዚያ ወዲህ በሰዎችም ተሞክሯል። ዴክስትራን የተባለው ረጅም የግሉኮስ ሰንሰለትም እየተጠና ነው።

ሥራው ግን አላለቀም። የምልክቱ ለውጥ ትንሽ ስለሆነ ታካሚው ጥቂት ከተነቃነቀ ይበላሻል። የስኳር በሽታ ላለበት ሰውም ግሉኮስ በደም ሥር መስጠት ጥንቃቄ ይጠይቃል። ስለዚህ ከምርመራ በፊት ስኳር ላሱ እያልኩ አይደለም። ይህ ከተሳካ ግን፣ ኩላሊቱ የደከመ ሰው ምርመራውን ሳይፈራ የሚገባበት ቀን ይቀርባል።