ከኖራ መብራት እስከ ማሾ

የቡታጋዝ ሰማያዊ ነበልባል ከኩራዝ ነበልባል ይበልጥ ይሞቃል፤ በእሱ ብርሃን ግን መጽሐፍ ማንበብ አይቻልም። ደካማው ኩራዝ ያስነብባል። በኩራዙ የሚያበራው ጋዙ ሳይሆን በነበልባሉ ውስጥ የሚግሉት ጥቃቅን የጥላሸት ቅንጣቶች ናቸው። ጣራውን የሚያጠቁረው ጥላሸት፣ ከመጥቆሩ በፊት ብርሃናችን ነበር ማለት ነው። ቡታጋዝ በቂ አየር እያገኘ ስለሚነድ ጥላሸት አያወጣም፤ የሚግል ጠጣር ነገር በሌለበት ደግሞ ሙቀት ብቻውን እምብዛም አያበራም።

እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች የሕዝብ ዓይን ያረፈበትን ሰው «ላይምላይት ውስጥ ነው» የሚሉት ከዚህ ምስጢር ተነስተው ነው። እዚህ ላይ «ላይም» ሎሚ አይደለም፤ ቤት የምንቀባበት ኖራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1820ዎቹ እንግሊዛዊው ጎልድስወርዚ ገርኒ ኦክስጅንና ሃይድሮጅን ቀላቅሎ ሲያነድ ነበልባሉ እጅግ ይሞቅ ነበር፣ ግን በቀን ብርሃን በደንብ አይታይም ነበር። ነበልባሉ የኖራ ቁራጭ ላይ ሲያርፍ ግን ኖራው ዓይን የሚወጋ ነጭ ብርሃን ይረጫል። ኖራ ከ2,500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ካልደረሰ አይቀልጥም፤ ስለዚህ አብዛኛው ድንጋይ በሚቀልጥበት እሳት ውስጥ ቆሞ ይግላል። ሙቀት ሲጨምር ብርሃን ደግሞ በብዙ እጥፍ ይጨምራል፦ ከፍጹም ዜሮ ተነስቶ የሚለካው ሙቀት እጥፍ ሲሆን ከጋለው ነገር የሚፈነጥቀው ኃይል 16 እጥፍ ይሆናል።

ስኮትላንዳዊው መሐንዲስ ቶማስ ድራመንድ ይህንን ብርሃን ለካርታ ሥራ አዋለው። በ1825 በአየርላንድ ቅየሳ ላይ ጭጋጉ አላሳይ ያለው ተራራ አናት ላይ በራ፤ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ርቀው የነበሩት ቀያሾችም አዩት። ከ1837 ጀምሮ በለንደኑ ኮቨንት ጋርደን ቲያትር መድረክ ላይ ወጣ። ብርሃኑን በመስታወት ሰብስቦ አንድ ተዋናይ ላይ ብቻ ማሳረፍ ስለተቻለ፣ ከብዙዎች መካከል አንዱን ነጥሎ ማሳየት የቲያትር ቋንቋ ሆነ። ነበልባሉ ኖራውን እየበላ ስለሚያሰረጉደው ግን ቁራጩን በየጊዜው የሚያዞር ሠራተኛ ከመብራቱ አጠገብ አይለይም ነበር። በክፍለ ዘመኑ መጨረሻ ኤሌክትሪክ ተካው፤ አባባሉ ግን እስከ ዛሬ አለ።

እኛም የዚሁ ሐሳብ ተካፋዮች ነበርን፤ ለእኔ ከሁሉም የሚያስደንቀው ይህ ነው። ኦስትሪያዊው ኬሚስት ካርል አውር ፎን ቬልስባኽ በ1891 ጨርቅን በቶሪየምና በጥቂት ሴሪየም ጨው አርሶ ነበልባል ላይ አደረገ። ጨርቁ በመጀመሪያው ማብራት ይነዳል፤ የጨርቁን ቅርጽ እንደያዘ የሚቀረው ስስ አመድ ግን እየጋለ ያበራል። ማሾም የሚሠራው በዚህ ነው። ፓምፕ የተደረገው ላምባ ተንኖ በሰማያዊ ነበልባል ይነዳል፤ ነጩን ብርሃን የሚሰጠው የከረጢት ቅርጽ ያለው ያ ስስ አመድ ነው። ኤሌክትሪክ ባልደረሰበት ብዙ ቦታ የሠርግ ድንኳንና ጠጅ ቤት የደመቀው በዚህ ብርሃን ነው። ከኩራዝና ከፋኖስ ጋር ተመሳሳይ ላምባ እየጠጣ እነሱን የሚያስንቀው፣ በጥላሸት ምትክ የማይቀልጥ ጠጣር ስላለው ነው።

ዛሬ ስታዲየም ላይ የምናየው የኤልኢዲ ፓውዛ ግን ከዚህ ቤተሰብ ተለይቷል። በውስጡ እየጋለ የሚያበራ ነገር የለም፤ ብርሃኑ የሚወለደው ኤሌክትሮኖች በሰሚኮንዳክተር ውስጥ ኃይላቸውን ሲለቁ ነው። ለነጩ ኤልኢዲ በር የከፈተውን ሰማያዊ ኤልኢዲ የሠሩት ሦስት ሳይንቲስቶች፣ አካሳኪ፣ አማኖና ናካሙራ፣ እ.ኤ.አ. በ2014 የፊዚክስ ኖቤል ተሸልመዋል።

አሮጌ ማሾ በቤታችሁ ካለ ግን አንድ ነገር አደራ። የድሮው ከረጢት ቶሪየም ስላለበት በመጠኑ ጨረር ያመነጫል፤ ሲሰበር አመዱን አትተንፍሱት፣ በባዶ እጅ አትጥረጉት፣ ከነካችሁት እጃችሁን ታጠቡ። መብራቱንም በተዘጋ ክፍል አታብሩ።