የተሰበረ ወንበር ለማስወገድ ስንት ብር ይወጣል?

በየዓመቱ ሰኔ ሲጋመስ በየወረዳው ጽሕፈት ቤት የንብረት ቆጠራ ኮሚቴ ይቋቋማል። ኮሚቴው ቢሮዎቹን ቶሎ ይጨርሳል፤ ጊዜ የሚበላው ከግቢው ጀርባ ያለው ክምር ነው። እግሩ የወለቀ ወንበር፣ ወረቀት የሚያኝክ ፕሪንተር፣ መሳቢያው የማይከፈት የፋይል ካቢኔት፣ ጎማው የተነፈሰ የግብርና ባለሙያ ሞተር ሳይክል። አንዱ ጎንበስ ብሎ የደበዘዘውን መለያ ቁጥር በእጁ ጠርጎ ያነባል፤ ሌላው በቅጹ ላይ «ብልሽት» ብሎ ይመዘግባል። በሚቀጥለው ሰኔም ያው ወንበር፣ ያው ቁጥር፣ ያው «ብልሽት» ይጻፋል።

ስለ መንግሥት ንብረት ሲነሳ ቀልባችን የሚሄደው ወደ መሬት፣ ወደ ሕንፃና ወደ መኪና ነው። ትንንሹ ንብረት በየወረዳው፣ በየትምህርት ቤቱና በየጤና ጣቢያው ተበትኖ ስላለ ደምሮ የሚያየው የለም። የኦዲት ሪፖርቶች «በወቅቱ ያልተወገዱ ንብረቶች» እያሉ ደጋግመው ያነሱታል፤ የሚሰጠው መልስ ብዙ ጊዜ «ኮሚቴ ተቋቁሟል» የሚል ነው። ጥፋቱን በሠራተኛው ስንፍና ላይ መጣል ይቀናናል። እኔ ግን ርካሹን ዕቃ ለማስወገድ ከዕቃው ዋጋ በላይ የሚያስወጣ አሠራር መዘርጋታችን ይመስለኛል ዋናው ምክንያት።

ሕጉን እንይ። በፌዴራል ደረጃ ለዓመታት ሲሠራበት የቆየው የግዥና ንብረት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 649/2001 ነው፤ በ2016 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1333 ተተክቷል። ክልሎችና አዲስ አበባ የራሳቸው አዋጅና መመሪያ አላቸው፤ አካሄዱ ግን ይመሳሰላል። ተጠቃሚው ክፍል ዕቃውን ለንብረት ክፍል ይመልሳል፣ ባለሙያ አይጠገንም ብሎ ያረጋግጣል፣ ኮሚቴ ይገምታል፣ የበላይ ኃላፊ ያጸድቃል፣ ጨረታ ይወጣል፣ ተጫራች ሲፒኦ ያስይዛል፣ ሣጥን ይከፈታል። ለአንድ ላንድክሩዘር ይህ ሁሉ ተገቢ ነው። ለ30 ወንበርስ?

በምሳሌ እናስላው። 30 የተሰበሩ ወንበሮችና አራት የድሮ ካቢኔቶች ያሉት ጽሕፈት ቤት እንውሰድና ገበያው ለሁሉም ቢበዛ 10,000 ብር ይከፍላል እንበል። አምስት አባላት ያሉት ኮሚቴ ከግምገማ እስከ ርክክብ ድረስ እያንዳንዱ ስድስት የሥራ ቀን ቢያጠፋ 30 የሰው ቀን ይሆናል። የአንዱ ቀን ደመወዝ 400 ብር ቢሆን 12,000 ብር ወጣ ማለት ነው። የጋዜጣ ማስታወቂያው ክፍያ ገና አልተነካም። መንግሥት ንብረቱን ሸጦ ከሰረ።

አለመሸጥም ቢሆን ነፃ አይደለም። በዚህ በኩል ከሁሉም በላይ የሚጎዳው የንብረት ክፍሉ ሠራተኛ ነው። በሞዴል 19 ገቢ የሆነ ዕቃ በሕጋዊ መንገድ ወጪ እስኪደረግ ድረስ ከመዝገብ አይወርድም፤ ዝናብ ቢያበሰብሰውም፣ ምስጥ ቢበላውም በስሙ ነው። ዝውውር ወይም የተሻለ ሥራ ያገኘ ዕለት ክሊራንስ ለማግኘት እያንዳንዱን ስብርባሪ ቆጥሮ ማስረከብ አለበት። ተረካቢውም «ያልተሟላ ዕቃ አልረከብም» ካለ ሁለቱም ለሳምንታት ይታሰራሉ። ስለዚህ ብልህ የሆነ የግምጃ ቤት ሠራተኛ የወንበር ቁርጥራጭ እንኳ እንዲጣል አይፈቅድም። ለአዲስ መድኃኒት ወይም ለመማሪያ መጻሕፍት የሚሆነው ክፍል በስብርባሪ ተሞልቶ የሚገኘው በዚህ ምክንያት ነው።

ከኃላፊው ወንበር ሆነን ስናየው ደግሞ ነገሩ ይበልጥ ይገባል። የሙስና ወንጀሎች አዋጅ ቁጥር 881/2007 ሥልጣንን አለአግባብ መገልገልን በጽኑ ይቀጣል፤ መቅጣቱም ትክክል ነው። ነገር ግን ዕቃውን በ9,000 ብር የሸጠ ኃላፊ «15,000 ያወጣ ነበር» ተብሎ ሊጠየቅ ይችላል። ዕቃው አምስት ዓመት በስብሶ ዜሮ ቢገባ ግን የሚጠየቅ ሰው አይገኝም። የሽያጩ ገንዘብም ወደ ፋይናንስ ገቢ ስለሚሆን ለጽሕፈት ቤቱ የሚተርፈው ነገር የለም። ከራስ በላይ ነፋስ ነውና ፊርማው ለተተኪው ይተላለፋል።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የግምቱም ሥራ ከብዷል። አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ በነበረበት ጊዜ የተገዛ ሞተር ሳይክል በመዝገብ ላይ እርጅና ተቀናሽ ተደርጎለት ዋጋው ከዜሮ ተጠግቶ ሊሆን ይችላል። መለዋወጫው ግን የሚገባው በአዲሱ ምንዛሪ ስለሆነ ገበያው ለአሮጌው ሞተር ጥሩ ገንዘብ ይሰጣል፤ በቆመ ቁጥር ደግሞ ካርቡሬተሩ፣ ባትሪው፣ መስታወቱ አንድ በአንድ ይጠፋል። መዝገቡን ብቻ ያየ ኮሚቴ በርካሽ ይሸጣል። የአዲሱን ዋጋ ይዞ የሚነሳው ደግሞ ገዢ ያጣል።

ተጫራቹን ስናይ ንግድ ፈቃድ፣ የግብር ከፋይ ቁጥርና ሲፒኦ የሚጠይቅ ጨረታ ከምናለሽ ተራ የሚመጣውን ትንሽ ነጋዴም ሆነ በየሰፈሩ የሚዞረውን ቆራሌው ከበር ይመልሳል። የሚቀሩት እርስ በርስ የሚተዋወቁ ጥቂት ነጋዴዎች ናቸው፤ ዋጋውን አስቀድመው ለመነጋገር የሚያግዳቸው ነገር የለም። ጥብቅ ነው ያልነው ሥርዓት ውድድሩን ያጠባል፤ ይህ ነው የሚያሳዝነኝ።

በአሜሪካ የኖርዝ ካሮላይና ግዛት ሕግ ለዚህ የተለየ መንገድ አለው። የከተማ ምክር ቤት ዋጋው ከ30,000 ዶላር በታች ለሆነ ተንቀሳቃሽ ንብረት ቀለል ያለ ደንብ አውጥቶ ለአንድ ኃላፊ የመሸጥ ሥልጣን መስጠት ይችላል። የጋዜጣ ማስታወቂያ ግዴታ አይደለም፤ በግል ድርድር መሸጥም ይፈቀዳል። ሕጉ በምላሹ የሚጠይቀው ደንቡ ተገቢውን የገበያ ዋጋ የሚያስገኝ እንዲሆንና ኃላፊው ምን እንደተሸጠ፣ ለማን፣ በስንት እንደተሸጠ መዝግቦ እንዲይዝ ነው። ብዙ የአሜሪካ ከተሞችና የትምህርት ቤት አስተዳደሮች ከወንበር እስከ አሮጌ አውቶቡስ ድረስ እንደ ገቭዲልስ ባሉ የኢንተርኔት ጨረታዎች ይሸጣሉ። 30,000 ዶላር ለእኛ ወረዳ የማይታሰብ ጣሪያ ነው፤ ልንወስደው የሚገባው ምክር ቤቱ ጣሪያ መወሰኑንና ቁጥጥሩ በመዝገቡ ላይ ማረፉን ነው።

ክልሎች በመመሪያቸው ለወረዳ ምክር ቤቶች ተመሳሳይ ሥልጣን ቢሰጡ እመኛለሁ። ከጣሪያው በታች የሆነ ዕቃ ፎቶው በማስታወቂያ ሰሌዳና በጽሕፈት ቤቱ የቴሌግራም ገጽ ላይ ለጥቂት ቀናት ይለጠፍ፤ የተሻለ ዋጋ ይዞ የመጣ በጥሬ ገንዘብ ከፍሎ ይውሰድ፤ ገዢውና ዋጋው እዚያው ይለጠፍ። የቆጠራ ቅጹም «ብልሽት» ከሚለው ቀጥሎ ይሸጥ፣ ይጠገን፣ ይተላለፍ የሚል ዓምድ ይኑረው።

የሚፈራው ነገር እውነት ነው። ደህናውን ዕቃ «ተበላሽቷል» ማለት፣ ትልቁን ንብረት ከፋፍሎ ከጣሪያው በታች ማውረድ፣ ለዘመድ መሸጥ አገራችን የምታውቃቸው ስልቶች ናቸው። ስለዚህ ጣሪያው ለአንድ ዕቃ ብቻ ሳይሆን ለዓመቱ ጠቅላላ ሽያጭም ይሁን፤ ብልሽቱን የሚያረጋግጠው ባለሙያ ከሌላ መሥሪያ ቤት ይምጣ፤ የጽሕፈት ቤቱ ሠራተኞችና ቤተሰቦቻቸው መግዛት አይፈቀድላቸው። በብየዳ የሚድን ወንበር ከመሸጡ በፊት በአቅራቢያው ላለ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ይሰጥ፤ ሠልጣኞቹ ይለማመዱበታል፣ የተጠገነውም ወደ ትምህርት ቤት ይሄዳል።

በዚህ ፈጣን መንገድ መውጣት የሌለበት የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ነው። የድሮ ሞኒተር ውስጥ እርሳስ አለ፤ መዳብ ፍለጋ ገመድ የሚያቃጥል ሰው ጭሱን ይተነፍሳል። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የኤሌክትሪክና ኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ ደንብ ስላለ እነዚህን ከየወረዳው ሰብስቦ ፈቃድ ላለው አስወጋጅ ማስረከብ የዞን ወይም የክፍለ ከተማ ሥራ ቢሆን ይሻላል፤ ከአንድ ወረዳ የሚገኝ አራት ፕሪንተር የመኪናውን ኪራይ እንኳ አይሸፍንም።