የአየር ሞገድ አደላደልና የተንቀሳቃሽ ስልክ ገበያ፤ በፈረንሳይ አገር እንደ ታየው

የተንቀሳቃሽ ስልክ ድምፅ ያለ ሽቦ የሚጓዘው በአየር ሞገድ ተጭኖ ነው። ሁለት ኩባንያዎች በአንድ ሥፍራ በአንድ ዐይነት ሞገድ ቢሠሩ አንዱ ሌላውን ስለሚያውክ፥ በያገሩ መንግሥት ሞገዱን ከፋፍሎ በፈቃድ ይሰጣል። ነገሩ የመሐንዲሶች ጉዳይ ብቻ ይመስላል። ነገር ግን ሞገዱ በስንት ተከፈለ፥ ለማንስ ተሰጠ የሚለው ውሳኔ በገበያው ስንት ነጋዴ እንደሚቆም አስቀድሞ ይቈርጣል። ሱቅ ለመክፈት የፈለገ ሰው ቦታ ተከራይቶ ይከፍታል፤ ሞገድ ያላገኘ ኩባንያ ግን ቢበዛ ከባለ ሞገዱ ገዝቶ መቸርቸር እንጂ የራሱን ማማ ተክሎ መሥራት አይችልም። ይህንን ለማስረዳት የፈረንሳይን ታሪክ መርጠናል፤ ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር እንጽፋለን።

የፈረንሳይ መንግሥት በ2000 ለሦስተኛው ትውልድ ስልክ አራት ፈቃዶች አዘጋጅቶ የያንዳንዱን ዋጋ 4.95 ቢሊዮን ዩሮ ያህል አደረገው። በ2001 መጀመሪያ ቀኑ ሲደርስ ሁለት ኩባንያዎች ብቻ ቀረቡ። በዚያው ዓመት ዋጋው ወደ 619 ሚሊዮን ዩሮ ወረደ፤ ከገቢውም በየዓመቱ ጥቂት እጅ እንዲከፈል ተወሰነ። በ2002 ሦስተኛው ነባር ኩባንያ ገባ። አራተኛው ፈቃድ ግን እስከ 2009 መጨረሻ ባለቤት ሳያገኝ ቈየ።

በነዚህ ዓመታት ምን ሆነ? በ2005 የአገሩ የውድድር ምክር ቤት ሦስቱን ኩባንያዎች፥ ምስጢር ተለዋውጣችኋል፥ የገበያ ድርሻችሁም እንዳይናጋ ተስማምታችኋል ብሎ በጠቅላላው 534 ሚሊዮን ዩሮ ቀጣቸው። ሦስት ብቻ የሆኑ፥ አራተኛም እንደማይመጣባቸው የሚያውቁ ነጋዴዎች ለመስማማት ብዙ አይቸገሩም።

በኋላ መንግሥት አራተኛውን ፈቃድ ለአዲስ ገቢ ብቻ ከልሎ በ240 ሚሊዮን ዩሮ ፍሪ ለተባለው ኩባንያ ሰጠ። ኩባንያው ገና ሥራ ሳይጀምር፥ በ2011፥ ነባሮቹ በሌላ ስም ርካሽ አገልግሎት ከፈቱ። ፍሪም በጥር 2012 ያለ ገደብ የሚያነጋግረውን ውል በወር 19.99 ዩሮ፥ አነስተኛውን በ2 ዩሮ አቀረበ፤ የሌሎቹም ዋጋ ተከትሎ ወረደ። ይህ ሁሉ ሲሆን የአገሩ አየር በ2001 ከነበረው አልተለወጠም።

አንዳንድ ሰዎች፥ ለፈቃድ ብዙ የከፈለ ኩባንያ ወጪውን በጥሪ ዋጋ ላይ ይጭናል ይላሉ። እኛ በዚህ ብዙም አንስማማም። የተከፈለ ገንዘብ ተመልሶ አይመጣም፤ ነጋዴ ዋጋ የሚጨምረው ተፎካካሪው የፈቀደለትን ያህል ነው። የከፍተኛ ዋጋ ጕዳቱ በበሩ ላይ ነው፤ ማን እንደሚገባና ማን ገብቶ እንደሚጸና ይወስናል። በጀርመን በ2000 በሐራጅ ስድስት ኩባንያዎች ወደ 50 ቢሊዮን ዩሮ ከፍለው አሸነፉ፤ ሞቢልኮምና ኳም የተባሉት ሁለቱ ግን የራሳቸውን መሥመር ሠርተው ሳይጨርሱ ከሥራው ወጡ።

በአገራችንም በ2021 ሁለት ፈቃዶች ለጨረታ ወጥተው ሁለት ተጫራቾች ቀረቡ። ሳፋሪኮም የሚመራው ማኅበር 850 ሚሊዮን ዶላር አቅርቦ አንዱን ወሰደና በ2022 ከኢትዮ ቴሌኮም ጐን ሥራ ጀመረ፤ ኤም ቲ ኤን ያቀረበው 600 ሚሊዮን ዶላር ግን አነሰ ተብሎ በዚያ ጨረታ ሁለተኛው ፈቃድ ሳይሰጥ ቀረ። ጥያቄው፥ በ250 ሚሊዮኑ ልዩነትና ሦስተኛ ተፎካካሪ ሳይኖር በሚያልፉት ዓመታት መካከል ሚዛኑ እንዴት ይያዝ የሚለው ነው።