አልሽር ያለ የኦፕራሲዮን ቁስል

ኦፕራሲዮን የተደረገ ሰው 4 ሳምንት አልፎት ቁስሉ ካልጠገገ፥ ፋሻ መለዋወጥ ብቻ እንደማይበቃው እናሳስባለን። ከሥሩ የያዘው ነገር አለ፤ ውስጥ የቀረ ክር፥ የቋጠረ መግል፥ የስኳር በሽታ፥ ነቀርሳ ወይም የምግብ ጉድለት ሊሆን ይችላል። ይህ ሳይገኝ ቁስሉ ላይ ላዩን የሻረ ቢመስልም ተመልሶ ይፈነዳል። ብዙ ጊዜ እንደምናየው ቅቤና ቅጠል መደረቡም መግልን ያበዛል እንጂ አይፈውስም።

ስለዚህ የዲማ ሕመምተኛ አስቀድሞ ብቸና ሆስፒታል ቀርቦ፥ ከዚያ የማስተላለፊያ ወረቀት ተቀብሎ በደብረ ማርቆስ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል በቀዶ ጥገና ሐኪም ሊታይ ይገባዋል። ኦፕራሲዮኑ የተደረገበት ቀንና የወሰደው መድኃኒት በወረቀቱ ላይ መጻፋቸውን፥ መምህራን ሆይ፥ ማንበብ ለማይችለው ጎረቤታችሁ ተመልከቱለት። ትኩሳት ከተነሣ ወይም ስፌቱ ከተፈታ ግን ሳምንት አይቆጠርም፤ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት መድረስ ያስፈልጋል።