ለቃጠሎ ቅቤ፣ ለቁስል እበት?

የገበሬ ቤት ከእሳትና ከስለት አይለይም። እናት እንጀራ ስትጋግር አክንባሎውን ባነሣች ቁጥር እንፋሎት ክንዷን ይገርፋታል። ዳዴ የሚል ሕፃን የፈላ ጀበና ይደፋል። በአጨዳ ጊዜ ማጭድ ጣት ይጨርፋል። ያን ጊዜ አንዱ “ቅቤ አምጡ!” ይላል፤ ሌላው የቡና ዱቄት ይነሰንሳል፤ ጎረቤት ደግሞ ትኩስ እበት ይዞ ይደርሳል። ሁሉም ለመርዳት ብሎ ነው። ይሁን እንጂ የአባቶቻችን መድኃኒት ሁሉ ከንቱ እንዳልሆነ ሁሉ፣ ሁሉም አዳኝ አይደለም። ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል።

ቃጠሎን እንመልከት። ድስት ከእሳት ወርዶም ለጥቂት ጊዜ ይንተከተካል አይደል? የተቃጠለ ገላም እንደዚያው ነው፤ እሳቱ ቢርቅም ሙቀቱ ከቆዳ ሥር ገብቶ መጉዳቱን አይተውም። ቅቤ ስትቀቡት ሙቀቱን አፍናችሁ አስቀራችሁት ማለት ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው መድኃኒት ውኃ ነው። ንጹሕ ቀዝቃዛ ውኃ በጣሳ እየቀዳችሁ ለ20 ደቂቃ ያህል በላዩ አፍስሱ። 20 ደቂቃ አጭር ጊዜ አይደለም፤ “በቃ ቀዘቀዘ” ብላችሁ ቶሎ አትተዉት። ውኃ ከሩቅ የሚቀዳ ከሆነ ንጹሕ ጨርቅ እየነከራችሁ ቶሎ ቶሎ ቀያይሩ። ሳያብጥ ቀለበትና አምባር አውልቁ። ውኃ የቋጠረውን አታፍርጡት፤ ቆዳው ራሱ ከቆሻሻ የሚጠብቅ ሽፋን ነውና።

ከቀዘቀዘ በኋላ እሬት ያላችሁ ተጠቀሙበት፤ እርሱ እውነተኛ መድኃኒት ነው። ቅጠሉን ቆርጣችሁ አዘቅዝቁትና ቢጫው መራራ ፈሳሽ ይንጠፍጠፍ፤ እርሱ ቆዳ ይለበልባል። የሚቀባው ከውስጥ ያለው ነጭ ዝልግልግ ነው። ይህ ግን ቆዳው ላልተገለጠ ትንሽ ቃጠሎ ብቻ ነው። ከተቃጠለው ሰው መዳፍ የሚሰፋ፣ ወይም ፊት፣ እጅና ብልት ላይ የደረሰ ቃጠሎ፣ የሕፃን ከሆነ ደግሞ ትንሽ ቢመስልም ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ።

ማርም የተመሰገነ ነው። ጣፋጭነቱ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ተሕዋስያን በማር ውስጥ መራባት ያቅታቸዋል። በብዙ አገር ሆስፒታሎች ተሕዋስያኑ በጨረር የተገደሉበትን ማር ለቁስል ይጠቀሙበታል። የቤታችን ማር ግን ሰፈፍና የሞተ ንብ ካለበት ቁስል አይነካ።

አሁን ወደ ዋናው አደጋ እንምጣ፤ ወደ እበቱ። መንጋጋ ቆልፍ፣ በሐኪም አነጋገር ቴታነስ፣ ዘሩ የሚገኘው በአፈርና በከብት አዛባ ውስጥ ነው። እዚያ ለዓመታት ሳይሞት ይቆያል። እበት ቁስል ላይ የለጠፈ ሰው በሽታውን በገዛ እጁ ዘራው ማለት ነው። የሚያታልለው ደግሞ ቶሎ አለመታየቱ ነው። ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 21 ቀን ይቆያል፤ ቁስሉ ደርቆ “ድኗል” በተባለበት ሰዓት መንጋጋ ይቆለፋል፤ ጀርባ እንደ ደጋን ይለጠጣል። በእትብት ላይ ቅቤ ወይም እበት የተደረገለት ጨቅላ ጡት መጥባት ያቅተውና ይሞታል። እትብት ምንም አይቀባ፤ ደረቅና ንጹሕ ሆኖ ይቆይ፤ የጤና ባለሙያ የሰጠችው ቅባት ካለ እርሱ ብቻ ይበቃዋል።

ማጭድ ሲቆርጣችሁ በንጹሕ ጨርቅ ለ10 ደቂቃ ያህል ጫን አድርጋችሁ ያዙት፤ እየገለጣችሁ አትዩት። ደሙ ሲቆም ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃና በሳሙና እጠቡት። የቡና ዱቄት፣ ጥላሸትና የሸረሪት ድር ቁስሉን ከማቆሸሽ በቀር አይረቡም። ጥልቅ ከሆነ፣ ወይም የዛገ ሚስማር ከወጋችሁ፣ በዚያው ቀን ወደ ጤና ኬላ ሂዱና መቼ እንደተከተባችሁ ተናገሩ። የክትባት ካርድ ቤት ውስጥ ካለ ቀኑን አንብባችሁ ያዙ፤ ማንበብ የቻለ ልጅ ለአያቱም ያንብብላቸው።

ስለ ወጌሻ አንድ ነገር እንጨምር። ወለምታ ማሸት የለመዱ አሉ፤ ስብራት በቀርከሃ አጥብቆ ማሰር ግን ደም ይዘጋል፤ እግር እስከማስቆረጥ ይደርሳል። የታሰረው እግር ጣት ከቀዘቀዘ፣ ከጠቆረ ወይም ከደነዘዘ እስኪነጋ አትጠብቁ፤ ማሰሪያውን ወዲያው ፍቱና ሐኪም ዘንድ አድርሱ።