የጎጃም ማንጎ፦ ማሩ ዛፉ ላይ፣ ኪሳራው መንገድ ላይ

ከአዲስ አበባ በደጀንና በደብረ ማርቆስ በኩል ወደ ባሕር ዳር የሚጓዝ መንገደኛ 390 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ፍኖተ ሰላም ሲደርስ፣ ወቅቱ ከሚያዝያ እስከ ሰኔ ያለው ከሆነ፣ የማንጎ ሽታ ይቀበለዋል። የምዕራብ ጎጃም ዞን ዋና ከተማ የሆነችው ፍኖተ ሰላም፣ ዙሪያዋን የከበበው ጃቢ ጠህናን ወረዳ፣ በ«ፍቅር እስከ መቃብር» ስሟ የታወቀው ማንኩሳና ከእርሷ ወዲያ ያለችው ቡሬ በበቆሏቸው የታወቁ ናቸው። በገበሬው ጓሮ የቆመው የማንጎ ዛፍ ግን የራሱ ገበያ አለው። ለቤተሰቡ ጥላ፣ ለልጆቹ መክሰስ፣ ክረምት ሊገባ ሲል ደግሞ ለማዳበሪያና ለቀለብ የሚሆን ጥሬ ገንዘብ ነው።

የአገሩ ማንጎ በአብዛኛው ከፍሬ የበቀለ ነው። ከፍሬ የበቀለ ማንጎ እናቱን ይመስላል ተብሎ ስለማይታመን፣ የአንዱ ጓሮ ማር ሲሆን የጎረቤቱ ሊኮመጥጥ ይችላል። ብዙው ቃጫ አለው። አበላሉም ከዚሁ የመጣ ነው፦ በሁለት መዳፍ መሐል ታሽቶ ከለሰለሰ በኋላ አናቱ በጥርስ ይበሳና ይመጠጣል። ቃጫው ጥርስ ውስጥ ቢገባም ከነፋሱ የወደቀ የበሰለ ማንጎ የመጠጠ የጎጃም ልጅ በቢላዋ የተቆረጠውን እምብዛም አይመኝም።

የከተማው በላተኛ ፍላጎት ሌላ ነው። እሱ የሚፈልገው ከፍሬው ግራና ቀኝ ሁለት ወፍራም ጉንጭ የሚቆረጥለትን፣ በማንኪያ የሚዛቅ ማንጎ ነው። ጭማቂ ቤቱም እንዲሁ። አቡካዶና ፓፓያ ተደራርበውበት፣ ሎሚ ተጨምቆበት የሚቀርበው ስፕሪስ በተለይ በጾም ወራት ይፈለጋል፤ የሰኔ ጾም ደግሞ ከማንጎው ወቅት ጋር ይገጥማል። ጭማቂ ቤት የሚገዛው የፍሬ ቁጥር ሳይሆን ሥጋ ነው። ቃጫው የበዛና ዘሩ የገዘፈ ማንጎ በዋጋ ቢረክስም በብርጭቆ ሲሰላ ይወደዳል።

ለዚህ ገበያ የሚሆኑት በመልካሳ ግብርና ምርምር ማዕከል በኩል የታወቁት የተሻሻሉ ዝርያዎች ናቸው። ኬንት ቃጫው አነስተኛ፣ ጣዕሙም ጣፋጭ በመሆኑ ለጭማቂ ይመረጣል። ኪት ቢበስልም ቆዳው አረንጓዴ ሆኖ ስለሚቀር የማያውቅ ገዢ ጥሬ ነው ብሎ ያልፈዋል። አፕል ማንጎ ክብ ነው። ከአሜሪካዋ ፍሎሪዳ የወጣው ቶሚ አትኪንስ በጣዕም ከሁሉ ባይበልጥም፣ ቆዳው ጠንካራ ስለሆነና መንገድ ስለሚችል በዓለም ገበያ ገንኗል። ነጋዴ ልብ ሊለው የሚገባው ይህን ነው፦ በማንጎ ንግድ ከሚጥመው ይልቅ ሳይበላሽ የሚደርሰው ያሸንፋል። የተዳቀለ ችግኝ በ3 ወይም በ4 ዓመት ፍሬ ሲሰጥ፣ ከፍሬ የበቀለው ከዚያ በላይ ያስጠብቃል።

ኪሳራው የሚጀምረው ከአለቃቀሙ ነው። ዛፉ ሲነቀነቅ መሬት ላይ የረገፈ ማንጎ በዕለቱ ደህና ይመስላል፤ በሦስተኛው ቀን ግን የተመታበት ይጠቁራል። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» የተባለው ለዚህ ሳይሆን አይቀርም። ነጋዴው ሂሳቡን እንዲህ ሊያየው ይችላል። 100 ፍሬ አንዱን በ10 ብር ቢገዛ ወጪው 1,000 ብር ነው። 30ው መንገድ ላይ ቢበላሽ የተረፈው እያንዳንዱ ፍሬ 14 ብር ከ30 ሣንቲም ያህል ወጥቶበታል። የጭነትና የደላላ ክፍያ ገና አልተደመረም። ዛፉን በግምት በጅምላ የሚገዛ ደግሞ የለቀማውን ጥንቃቄ ራሱ ካልተከታተለ ጉዳቱን የሚጋራው የለም።

መፍትሔው ውድ አይደለም። ለሩቅ ገበያ የሚሆነው ትከሻው ሞልቶ ገና ያልለሰለሰው ነው፤ የለሰለሰው በአቅራቢያ ከተሞች ይሸጥ። ፍሬው ከአጭር አንጓው ጋር ይቆረጥ፤ ከአንጓው የሚወጣው ወተት መሰል ፈሳሽ ቆዳውን ያቃጥላልና። በማዳበሪያ ከረጢት ከማጨቅ በሣጥን መደርደር ይሻላል። የዓባይን በረሃ ሙቀት ለማምለጥ ሌሊት ማቋረጥ ይጠቅማል። ቀዝቃዛ መጋዘን ያለውም ይጠንቀቅ፦ ያልበሰለ ማንጎ ከ12 ዲግሪ በታች ከቆየ ጉዳት ይደርስበታል፣ አበሳሰሉም ይበላሻል።

ከነጋዴው አቅም በላይ የሆኑ ችግሮችም አሉ። በ2002 ዓ.ም. በምሥራቅ ወለጋ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው ነጭ የማንጎ ተባይ ወደ አማራ ክልልም ተዛምቷል። ቅጠሉን ያደርቃል፤ ፍሬው ላይም ቀላ ያለ ነጠብጣብ ይተውና ዋጋ ይጥላል። የነቀምትና የቡሬ መንገድ ማንጎና ችግኝ የሚያልፍበት በመሆኑ፣ ችግኝ የሚገዛ ሰው ቅጠሉን አገላብጦ ይይ። ከለቀማ በኋላ ዛፉን መግረዝና የተጠቃውን ቅርንጫፍ ማቃጠል ይረዳል። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በክልሉ የተነሳው ጦርነት ደግሞ መንገድ እየዘጋ ንግዱን አውኳል። በቆሎ ጎተራ ገብቶ መንገድ እስኪከፈት ይጠብቃል፤ የበሰለ ማንጎ ግን ሳምንት አይታገሥም።

ባለሀብቱ ማየት ያለበትም ይህንኑ ነው። ቡሬ በ2013 ዓ.ም. የተመረቀ የተቀናጀ የግብርና ማቀነባበሪያ ኢንዱስትሪ ፓርክ አላት። ማንጎን ማድረቅም ሆነ ሥጋውን ፈጭቶ ማሸግ፣ ዛፉ ሁሉ በአንድ ሰሞን ሲያፈራ የሚወድቀውን ዋጋ ይደግፋል። ለማቀነባበሪያ ግን ጣዕሙና ቃጫው ተመሳሳይ የሆነ ፍሬ በብዛት ያስፈልጋል። ስለዚህ ከማሽኑ በፊት ችግኝ ማዳቀያው ይቀድማል፤ ከችግኝ ማዳቀያውም በፊት ዛፉን መነቅነቅ ይቅር።