የወተት ጥርስ የመሰከረበት ቦምብ

በ1950ዎቹ መጨረሻ ላይ በአሜሪካዋ ሴንት ሉዊስ ከተማ የሚኖሩ እናቶች፣ የልጆቻቸው የወተት ጥርስ በወለቀ ቁጥር በፖስታ አሽገው ለተመራማሪዎች መላክ ጀመሩ። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) እኛ ዘንድ የወለቀ የወተት ጥርስ ወደ ቤት ጣሪያ ይወረወራል፤ ልጁም ጠንካራ ጥርስ እንዲበቅልለት ይመኛል። የሴንት ሉዊስ እናቶች ግን አንድ የሚያስጨንቃቸው ጥያቄ ነበራቸው። ከእነሱ በብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር ርቀት ለሙከራ የሚፈነዳው የኑክሌር ቦምብ ልጆቻቸው አጥንት ውስጥ ገብቶ ይሆን?

ይህን ጥያቄ ከቤተ ሙከራ አውጥተው የወላጆች ሁሉ ጥያቄ ካደረጉት ሰዎች መካከል ግንባር ቀደሙ ኬሚስቱ ፕሮፌሰር ላይነስ ፖሊንግ ናቸው። ብዙዎቻችን ስማቸውን የምናውቀው ከቫይታሚን ሲ ጋር ተያይዞ ነው። የአራት ልጆች አባት የነበሩት ፖሊንግ ግን ለዓመታት መንግሥታቸውን የሞገቱት ልጆች በሚጠጡት ወተት ጉዳይ ነበር።

ከሣር ወደ ወተት፣ ከወተት ወደ አጥንት

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አሜሪካ፣ ሶቪየት ኅብረትና እንግሊዝ የኑክሌር ቦምቦቻቸውን በአየር ላይ እያፈነዱ ይሞክሩ ነበር። ማርች 1 ቀን 1954 አሜሪካ በፓሲፊክ ውቅያኖስ፣ በቢኪኒ ደሴቶች ያፈነዳችው ቦምብ ሂሮሺማን ካጠፋው በሺህ እጥፍ ያህል የሚበልጥ ኃይል ነበረው። ከፍንዳታው የተነሣው ነጭ አመድ በአካባቢው ደሴቶች ነዋሪዎችና 23 ሰዎችን በያዘች አንዲት የጃፓን ዓሣ አጥማጅ ጀልባ ላይ ዘነበ። የጀልባዋ ሠራተኞች በጨረር ታመሙ፤ የሬዲዮ ኦፕሬተሩም በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ውስጥ ሞተ።

ከፍንዳታው ቦታ ርቆ መኖርም ሙሉ በሙሉ አያድንም ነበር። ቦምቡ ሲፈነዳ የሚፈጠሩት ጨረር አመንጪ ቅንጣቶች ወደ ሰማይ ወጥተው በነፋስ ዓለምን ይዞራሉ፤ ከዚያም ከዝናብ ጋር ይወርዳሉ። ከእነዚህ አንዱ ስትሮንቲየም-90 ይባላል። በኬሚካዊ ጠባዩ ካልሲየምን ስለሚመስል ሰውነት ይሳሳትበታል። ዝናቡ ሣሩ ላይ ያወርደዋል፤ ላሟ ሣሩን ትግጣለች፤ ሕፃኑ ወተቷን ይጠጣል። አጥንቱና ጥርሱ ገና በመገንባት ላይ ስለሆነ ካልሲየም ያገኘ መስሎት ስትሮንቲየሙን እዚያው ያስቀምጠዋል። ከገባ በኋላም ቶሎ አይጠፋም፤ ጨረሩ በግማሽ ለመቀነስ እንኳ 29 ዓመት ገደማ ይፈጃል።

ስለዚህ ጉዳቱ ከአዋቂ ይልቅ በሕፃን ላይ ይበረታል። ልጅዋን ለማጠንከር ወተት አብዝታ የምታጠጣ እናት፣ ሳታውቀው አብራው ሌላ ነገር ታጠጣዋለች።

ባለቤታቸው ያሉት ነገር

ፖሊንግ በ1901 በኦሪገን ግዛት፣ ፖርትላንድ ከተማ ተወለዱ። መድኃኒት ቀማሚ የነበሩት አባታቸው ሲሞቱ ገና የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበሩ። በችግር ተምረው በ1922 ገና ተማሪ እያሉ ለሌሎች ተማሪዎች ኬሚስትሪ እንዲያስተምሩ ተመደቡ። ከተማሪዎቹ አንዷ አቫ ሄለን ሚለር ነበሩ። በቀጣዩ ዓመት ተጋቡ።

አቶሞች እርስ በርስ እንዴት እንደሚተሳሰሩ ባጠኑት ጥናት ፖሊንግ በ1954 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማትን አገኙ። በጦርነቱ ጊዜም ለአገራቸው ሠርተው ከፕሬዚዳንቱ ሜዳሊያ ተሸልመዋል። የአቶም ቦምቡን በሚሠራው ፕሮጀክት የኬሚስትሪ ክፍሉን እንዲመሩ ሲጠየቁ ግን አልተቀበሉም።

ሂሮሺማ ከጠፋች በኋላ ፖሊንግ ስለ ቦምቡ ምንነት ለሕዝብ እንዲያስረዱ ይጋበዙ ጀመር። ከእነዚህ ንግግሮች አንዱ እንዳበቃ አቫ ሄለን ለባለቤታቸው በግልጽ ነገሯቸው። ስለ ሳይንስ ሲናገሩ ሰው እንደሚያምናቸው፣ ስለ ጦርነትና ሰላም ሲናገሩ ግን የሌላ ሰው ሐሳብ እየደገሙ ስለሆነ እንደማያሳምኑ አስረዷቸው። ፖሊንግ አልተቀየሙም። ከሳይንስ ሥራቸው ጎን ለጎን ስለ ታሪክ፣ ስለ ሕግና ስለ ዓለም አቀፍ ግንኙነት ለዓመታት አነበቡ። በኋላ ሲጠየቁም፣ ለሰላም የታገሉት የሚስታቸውን አክብሮት ላለማጣት ብለው እንደሆነ ይናገሩ ነበር።

11,021 ፊርማ

ሜይ 15 ቀን 1957 ፖሊንግ በሴንት ሉዊስ በሚገኘው ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ንግግር አደረጉ። አዳራሹ ንግግራቸውን በጭብጨባ ሲቀበል አንድ ሐሳብ መጣላቸው፤ ሳይንቲስቶች ራሳቸው ለምን በፊርማ አይጠይቁም? ቤሪ ኮሞነርና ኤድዋርድ ኮንደን ከተባሉ ሁለት የዩኒቨርሲቲው ሳይንቲስቶች ጋር ተቀምጠው አንድ አጭር ጽሑፍ አዘጋጁ። የእያንዳንዱ ሙከራ ጨረር በመላው ዓለም ባለ ሰው ጤና ላይ ጉዳት እንደሚጨምር፣ ወደፊት በሚወለዱ ልጆችም ላይ እንደሚታይ ገልጸው፣ ሙከራው በዓለም አቀፍ ስምምነት እንዲቆም ጠየቁ።

በሁለት ሳምንት ውስጥ 2 ሺህ ያህል የአሜሪካ ሳይንቲስቶች ፈረሙ። ከዚያም ፖሊንግና ባለቤታቸው ደብዳቤውን ከቤታቸው ሆነው ወደ ሌሎች አገሮች ላኩት። በጃንዋሪ 1958 ከ9 ሺህ በላይ ፊርማዎችን ለተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ዋና ጸሐፊ ለዳግ ሐመርሾልድ አስረከቡ። በመጨረሻም ከ49 አገሮች የተሰበሰቡት ፊርማዎች 11,021 ደረሱ።

“ጉዳቱ ትንሽ ነው”

ሁሉም ሳይንቲስት ከፖሊንግ ጋር አልተስማማም። የሃይድሮጂን ቦምብ አባት የሚባሉት ኤድዋርድ ቴለር፣ ሙከራው ለአገር መከላከያ ያስፈልጋል፣ ከሩቅ የሚወርደው ጨረር በአንድ ሰው ላይ የሚያመጣው አደጋ በጥቂት ግራም ከመወፈር አይበልጥም እያሉ ይከራከሩ ነበር። በፌብሩዋሪ 1958 ሁለቱ በቴሌቪዥን ቀርበው ፊት ለፊት ተሟገቱ።

የፖሊንግ መልስ ለማንኛውም ወላጅ የሚገባ ነበር። በአንድ ልጅ ላይ ያለው አደጋ ትንሽ ሊሆን ይችላል፤ ዝናቡ የሚወርደው ግን በአንድ ልጅ ላይ አይደለም። ትንሹን አደጋ በዓለም ሕፃናት ሁሉ፣ ገና ባልተወለዱትም ጭምር ሲያባዙት በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ይታመማሉ፤ ይሞታሉም። የትኛው ልጅ እንደሚሆን ግን ማንም አያውቅም። ደግሞስ የእነዚያን ልጆች ወላጆች ማን አስፈቀዳቸው?

ፖሊንግ ያቀረቧቸው ቁጥሮች ግምቶች ነበሩ፤ በመጠናቸው ላይም ሳይንቲስቶች ብዙ ተከራክረዋል። መሠረተ ሐሳቡ ግን ቆይቷል። ዛሬም የጨረር መከላከያ ደንቦች የሚወጡት፣ ትንሽ ጨረርም ቢሆን ትንሽ አደጋ አለው በሚል ግምት ነው። ሐኪም ነፍሰ ጡር ሴትን ያለ በቂ ምክንያት ራጅ የማያስነሣትም ለዚህ ነው።

“ስማቸውን አልሰጥም”

ዘመኑ የቀዝቃዛው ጦርነት ዘመን ነበርና ስለ ሰላም የሚናገር ሰው በኮሚኒስትነት ይጠረጠር ነበር። ፖሊንግ በ1952 ለንደን ውስጥ ለሚደረግ የሳይንስ ጉባኤ ሊሄዱ ሲሉ ፓስፖርት ተከለከሉ። ለዓመታት የመሩትን የካሊፎርኒያ ቴክኖሎጂ ተቋም የኬሚስትሪ ክፍል ኃላፊነትም በ1958 በጫና ለቀቁ።

ከባዱ ፈተና የመጣው ጁን 21 ቀን 1960 ነው። የአሜሪካ ሴኔት ንዑስ ኮሚቴ ጠርቷቸው ፊርማውን በማሰባሰብ የረዷቸውን ሰዎች ስም እንዲሰጡ ጠየቃቸው። የፈረሙት ሰዎች ስም ቀድሞውንም ለተባበሩት መንግሥታት ቀርቧል፤ የተፈለገው የለፉት ሰዎች ስም ነበር። ከእነዚህ ብዙዎቹ ወጣት ሳይንቲስቶች ስለሆኑ ስማቸው ከወጣ ሥራቸውን ሊያጡ ይችላሉ። ፖሊንግ እምቢ ማለት እስራት ሊያመጣባቸው እንደሚችል እያወቁ እምቢ አሉ። በኦክቶበር ዳግመኛ ተጠርተው ያንኑ መለሱ። ኮሚቴው በመጨረሻ ሳይከሳቸው ተዋቸው።

የጥርሶቹ ምስክርነት

ይህ ሁሉ ሲሆን ሴንት ሉዊስ ውስጥ ጥርሶቹ እየተከማቹ ነበር። በዲሴምበር 1958 የተጀመረውን ጥናት በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የመሩት ሐኪሟ ሉዊዝ ራይስ ናቸው። በትምህርት ቤቶች፣ በቤተ ክርስቲያናትና በጥርስ ሐኪሞች ዘንድ ቅጽ ታደለ። እናት ቅጹ ላይ ልጁ መቼና የት እንደተወለደ፣ ጡት ወይስ ጡጦ እንደጠባ ሞልታ ከጥርሱ ጋር ትልካለች። ለልጁም ጥርሱን ለሳይንስ መስጠቱን የሚናገር የደረት ቁልፍ ይላክለታል። እስከ 1970 ድረስ 300 ሺህ ያህል ጥርሶች ተሰበሰቡ።

የመጀመሪያው ውጤት በ1961 ታተመ። ሙከራው በበረታባቸው ዓመታት የተወለዱ ልጆች ጥርስ፣ ቀደም ብለው ከተወለዱት ይልቅ ብዙ ስትሮንቲየም-90 ተገኘበት። በኋላ እንደታየውም በ1963 የተወለዱት ልጆች ጥርስ በ1950 ከተወለዱት 50 እጥፍ ያህል ይዞ ነበር። ጥርስ ፖለቲካ አያውቅም፤ ኮሚኒስት ነው ተብሎም አይከሰስም።

በ1961 ኦክቶበር 30 ሶቪየት ኅብረት በታሪክ ትልቁን፣ 50 ሜጋቶን የፍንዳታ ኃይል ያለውን ቦምብ አፈነዳች። ከሁለት ቀን በኋላ በ60 የአሜሪካ ከተሞች 50 ሺህ ያህል ሴቶች፣ ብዙዎቹ የልጆች እናቶች፣ ሙከራው ይቁም ብለው ሰልፍ ወጡ።

ፖሊንግም አላረፉም። በኤፕሪል 1962 መጨረሻ በዋይት ሐውስ ፊት ለፊት ከተቃዋሚዎች ጋር ተሰለፉ። የሰልፉ ማግሥት ምሽት ደግሞ ፕሬዚዳንት ኬኔዲ ለኖቤል ተሸላሚዎች ባዘጋጁት እራት ላይ ሱፋቸውን ለብሰው ተገኙ። ቀዳማዊት እመቤቷ ትንሿ ልጃቸው ካሮላይን ሰልፈኞቹን በመስኮት አይታ፣ አባዬ አሁን ደግሞ ምን አጠፋ ብላ እንደጠየቀች ለፖሊንግ እንደነገሯቸው ይወሳል።

ስምምነቱና ሽልማቱ

ኦገስት 5 ቀን 1963 አሜሪካ፣ ሶቪየት ኅብረትና እንግሊዝ በአየር ላይ፣ በሕዋና በውኃ ውስጥ የሚደረጉ የኑክሌር ሙከራዎችን የሚያግደውን ስምምነት ሞስኮ ላይ ፈረሙ። ስምምነቱ ሥራ ላይ የዋለው ኦክቶበር 10 ነው። በዚያኑ ዕለት የኖቤል ኮሚቴ ለሽልማት ሳይሰጥ የቆየውን የ1962 የሰላም ሽልማት ለፖሊንግ መስጠቱን አስታወቀ። ባልና ሚስቱ ያኔ ስልክ በሌለው የገጠር ቤታቸው ነበሩ። ልጃቸው ሊንዳ ደውላ እንዲጠሩላት ያደረገችው በአቅራቢያው ባለ የደን ጠባቂ በኩል ነው፤ የምሥራቹንም የሰሙት ከእርሷ ነው። ሁለት የኖቤል ሽልማቶችን ለብቻው ያገኘ ሰው ከእርሳቸው በቀር እስካሁን የለም።

አገራችንም በዚህ ጉዳይ ድምጿን አሰምታለች። በኖቬምበር 1961 የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በኑክሌር መሣሪያ መጠቀምን ያወገዘበት ውሳኔ የቀረበው በኢትዮጵያ አነሳሽነት ነው። ፈረንሳይ በ1960 በሰሃራ በረሃ ቦምብ ሞክራ ስለነበር ጉዳዩ ለአፍሪካውያን ሩቅ አልነበረም። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም በኦክቶበር 1963 ለጠቅላላ ጉባኤው ሲናገሩ፣ የሙከራ እገዳው ከፊል እርምጃ ቢሆንም ኢትዮጵያ እንደምትደግፈው ገልጸዋል።

ስምምነቱ በእርግጥ ከፊል ነበር። በመሬት ውስጥ የሚደረገው ሙከራ ቀጠለ፤ ፈረንሳይ እስከ 1974፣ ቻይና እስከ 1980 በአየር ላይ ሞክረዋል። ማንኛውንም ሙከራ የሚከለክለው የ1996ቱ ስምምነት ኢትዮጵያን ጨምሮ ብዙ አገሮች ቢፈርሙትም አስፈላጊ የሆኑ መንግሥታት ባለማጽደቃቸው ዛሬም በሕግ አልጸናም። ቢሆንም ሦስቱ ኃያላን በአየር ላይ መሞከር ካቆሙ በኋላ በወተትና በልጆች ጥርስ ውስጥ ያለው ስትሮንቲየም-90 እየቀነሰ ሄዷል።

አቫ ሄለን በ1981፣ ፖሊንግ በ1994 በ93 ዓመታቸው አረፉ። ፖሊንግ ኋላ ላይ ቫይታሚን ሲ በብዛት መውሰድ ጉንፋንንና ካንሰርን ያሸንፋል ብለው የተከራከሩበት ሐሳብ በሌሎች ጥናቶች አልተደገፈም። ይህም አንድ ነገር ያስታውሰናል። ትልቅ ስም ያለው ሰው የተናገረው ሁሉ እውነት አይሆንም፤ በቦምቡ ጉዳይ ፖሊንግን የደገፋቸው ሽልማታቸው ሳይሆን ማስረጃው ነበር። ከማስረጃውም አንዱ ክፍል የመጣው ሳይንቲስት ካልሆኑ ሰዎች፣ ቅጽ ሞልተው የልጃቸውን ጥርስ በፖስታ ከላኩ እናቶች ነው። ልጆቻችን ስለሚጠጡት ውኃና ወተት፣ ስለሚተነፍሱት አየር ጥያቄ ሲኖረን እኛም ልንጠይቅ እንችላለን። “ትንሽ ነው፣ አይጎዳም” የሚል መልስ ከተሰጠን ደግሞ “ስንት ልጆች ናቸው የሚወስዱት? ማንስ ለክቶት ያውቃል?” ብሎ መከተል የወላጅም የአያትም መብት ነው።